ዝገት የበላው የዳማ ወገብ

መርማሪው ከመኪናዋ ሥር ሆኖ ብረቱን በመዶሻ አንዴ ቢነካው እንደ ብረት አልጮኸም፤ እንደ እርጥብ ካርቶን ድብ አለ። ሁለተኛ ሲነካው እፍኝ የሚሞላ የዝገት ቅርፊት አናቱ ላይ ተራገፈበት።

«ሲስተር፣» አለ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ፀጉሩን እያራገፈ፣ «ይቺ መኪና ወገብ የላትም።»

አዋላጇ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ጎንበስ ብላ መብራቱ ያረፈበትን ስታይ ግን ፈገግታዋ ከንፈሯ ላይ ደረቀ። የኋላ እግሮቹንና ለኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያከፋፍለውን ዲፈረንሻል አቅፎ ከመኪናዋ ሰውነት ጋር የሚያያይዘው ወፍራም ብረት፣ መርማሪው «ተሸካሚው» ያለው፣ በግራ በኩል አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አውጥቷል። ዙሪያው በጣት ሲነኩት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል።

«እስከ ሰኞ ሦስት ሰዓት ጊዜ ሰጥቼዎታለሁ» አለ መርማሪው። «ካልተቀየረ ሰሌዳዋን እፈታለሁ። በዚህ ብረት ሰው ጭነው ቢሄዱ እኔም እንቅልፍ አይወስደኝ።»

ቀኑ ረቡዕ ነበር።

መኪናዋ ከፍ ያለች፣ በአራቱም እግሯ የምትጎትት፣ ቡናማ ቀይ መኪና ናት። በቀለሟ የተነሳ ቤተሰቡ ዳማ ይላታል። አዋላጇ አውቶቡስ የማይደፍራቸውን ዳገቶች በዳማ እየወጣች የደረሱ እርጉዞችን ቤታቸው ድረስ ሄዳ ታያለች። በዚያ ሳምንት ቀናቸው የገፋ ሰባት ነበሩ። ከምርመራው ጣቢያ እንደወጣች በቀጥታ ወደ ጋራዥ ነዳች። የመጀመሪያው ባለ ጋራዥ ከሥር አየና «ነፍስ ይማር» ብሎ ሳቀ። ሁለተኛው ደግሞ ሳይስቅ «ከወር በኋላ ይምጡ» አላት።

ምሳ ሰዓት ቤቷ ገብታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ከቤታቸው ፊት ለፊት ስለሆነ ምሳውን ቤቱ ይበላል። ከመኪና የሚያውቀው ነዳጅ የሚቀዳበትን ቀዳዳ ብቻ ነው፤ እሱንም በየትኛው ጎን እንደሆነ አንዳንዴ ይረሳዋል።

«አይዞሽ፣ መላ አይጠፋም» አላት። መላው ምን እንደሆነ ግን እሱም አላወቀም።

መስኮቱ ሥር የባሏ እናት ተቀምጠዋል። በአውቶቡስ ድርጅት የጥገና ክፍል ብቸኛዋ ሴት መካኒክ ሆነው ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። አንዱ ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላለ እንደ ድሮው መሬት ወርደው መተኛት አይችሉም። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለው በመንገዱ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ይመረምራሉ። «ያ ሰውዬ ፍሬን ሸራው አልቋል» ይላሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። ከምራታቸው ጋር ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ኖረዋል። ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ደህና አደርሽ፣ ደህና ዋሉ ከማለት ያለፈ ብዙ ቃልም ተነጋግረው አያውቁም።

አሁን ግን ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ።

«ቀዳዳው በግራ ነው በቀኝ?»

«በግራ፣ እማማ።»

«ዲፈረንሻሉ ዘይት ያፈሳል?»

«አይመስለኝም። ደረቅ ነው።»

«ተሸካሚው የሚታሰርበት የሰውነቷ ላሜራስ? ጤነኛ ነው?»

«እሱ ደህና ነው ብሏል መርማሪው።»

አማቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። «ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን እንዲህ ያጠቆርሽው? አራት ትልልቅ ብሎን ነው እኮ! አሮጌው ይወርዳል፣ ሌላ ይገባል። ግቢ አለን፣ ቅዳሜና እሁድ አለን፣ መሣሪያዬም ሳጥኑ ውስጥ አለ። አንቺም አለሽ።»

«እኔ?»

«ጉልበቴ ነው እንቢ ያለኝ፣ አፌ ደህና ነው። እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ ትፈቺያለሽ። እጄን ሁኚልኝ።»

ባልየው ጉሮሮውን ጠራረገ። «እማዬ፣ እኔስ?»

«አንተ መብራት ትይዛለህ። ዓይንህን ሳትጨፍን።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱም የተጋጩ መኪኖች ተበታትነው የሚሸጡበት ግቢ ሄዱ። አማቷ በምርኩዛቸው እየተመሩ ከብረት ክምር ወደ ብረት ክምር ሲያልፉ አዋላጇ ልትደርስባቸው አልቻለችም። የዳማ ዓይነት መኪና ሁለት አገኙ። አንደኛዋን አማቷ ገና ከሩቅ አይተው ምራቃቸውን እንትፍ አሉ። ሁለተኛዋ ከፊት ተጨፍልቃለች፤ ኋላዋ ግን ምንም አልሆነም። ሴትዮዋ ተሸካሚውን በመዶሻ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ እየነኩ ጆሯቸውን አስጠጉ። ጥን፣ ጥን፣ ጥን። ምራታቸው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲያ ሲስቁ አይታቸው አታውቅም።

«ይሄ ነው!» አሉ። «ይሄ ገና ወጣት ነው!»

ሐሙስና ዓርብ የዳማ ብሎኖች ጠዋትና ማታ ዝገት የሚያለሰልስ ዘይት ተረጩ። «ዝገት እንደ ግትር ሰው ነው» ይሉ ነበር አማቷ። «ሲጮሁበት ይብስበታል። አለስልሰሽ ጠብቂው።» ባልየው አዲሱን ተሸካሚ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ ዝገት የሚከላከል ጥቁር ቀለም ቀባው። ፀጉር አስተካካይ ስለሆነ ጥግ ጥጉን ሳያሳልፍ ሲቀባ እናቱ ከበስተኋላው ቆመው አዩት። ምንም አላሉም፤ የሚነቅፉት ካላገኙ ማመስገናቸው መሆኑን ስለሚያውቅ ደስ አለው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ዳማ በክሪክ ወደ ላይ ተነሣች።

«ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም» አሉ አማቷ። «በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ጭንቅላትሽን ካስገባሽ እኔ ምራት የለኝም።» በአራት ማቆሚያ ብረቶች ላይ አሳረፏት። ባልየው በትከሻው ገፋት፤ ንቅንቅ አላለችም። ባትሪው ተፈታ፣ የነዳጅ ታንኩ ወርዶ ከግቢው ውጪ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ከዚያ አዋላጇ የድሮ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ መነጽር አድርጋ፣ በጀርባዋ ተንሸራታ ገባች።

ጎማዎቹ ቀድመው ወጥተዋል። ፍሬኖቹ በቱቦዎቻቸው እንዳይንጠለጠሉ በሽቦ ታሠሩ። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ወረደ። ከፊት ኃይል የሚያመጣውን ረጅም ዘንግ ልትፈታ ስትል አማቷ «ቆይ! መጀመሪያ ምልክት!» ብለው ጮኹ፤ ሁለቱ ብረቶች በተጋጠሙበት ላይ ነጭ መስመር አሰመረች። የመጀመሪያው ብሎን ጥርሷን አስነክሷት፣ ክንዷን አንቀጥቅጦ፣ በመጨረሻ ጧ! ብሎ ሲለቃት ከመኪናው ሥር እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሁለተኛው ጧ! ሦስተኛው ጧ! ዝገቱ ፊቷ ላይ ይዘንባል፣ ጀርባዋ መሬቱ ላይ ተልጧል፣ እሷ ግን እንዲህ ደስ ያላት መቼ እንደነበር አታስታውስም።

«ግፊ!» ይላሉ አማቷ ከላይ። «አሁን ነው፣ ግፊበት!»

«ማን ነው የሚወልደው?» አለ ባልየው መብራቱን እንደያዘ። ሁለቱም ሴቶች ዝም እንዲል ነገሩት።

ሁለት ሰዓት ላይ የጎረቤታቸው ራስ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ናቸው። ነጭ መኪናቸውን በሳምንት ሁለቴ አጥበው፣ አንሶላ አልብሰው ያቆሟታል፤ ስትሄድ ያያት ሰው ግን ጥቂት ነው።

«ቅዳሜ ጠዋት እኮ ነው! ሰው ይተኛል!» አሉ።

«ዲሬክተር፣ ጥጥ ልላክልዎት?» አሉ አማቷ። «ምራቴ አዋላጅ ናት፣ ጥጥ ሞልቷታል።»

ራሳቸው ከአጥሩ ጀርባ ጠፋ።

ተሸካሚውን ከሰውነቷ ጋር ከሚያያይዙት ከአራቱ ትልልቅ ብሎኖች ሦስቱ እስከ አምስት ሰዓት ወጡ። አራተኛው፣ በግራ በኩል የኋለኛው፣ ዞረ። ደግሞ ዞረ። አሁንም ዞረ።

«እማማ፣ ይዞራል ግን አይወርድም።»

አማቷ ጆሯቸውን ወደ መኪናዋ አስጠጉ። ባልየው መብራቱን ከሚስቱ ላይ አንሥቶ እናቱ ፊት ላይ አበራው።

«ዓይኔን አታጥፋው!» አሉት። ከዚያ ቀስ ብለው ለምራታቸው ነገሯት። «ብሎኑ የሚገባበት ዳዶ በሰውነቷ ውስጥ፣ በሁለት ላሜራ መሃል ተደብቆ የተበየደ ነው። ብየዳው ለቋል። አሁን ከብሎኑ ጋር አብሮ እየዞረ ነው። እስከ ሰኞ ብትዞሪው አይወጣም። አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለን። ከላይ፣ ከዕቃ መጫኛው ወለል መስኮት ከፍተን ዳዶውን ሰው መያዝ አለበት።»

ይህን እያሉ የአዋላጇ ስልክ ጮኸ። ባልየው ጆሮዋ ላይ ያዘላት። ከላይኛው ዳገት ነው። ሁለተኛ ልጇን የምትጠብቅ እናት፣ ሦስት ሳምንት የሚቀራት፣ የእንሽርት ውሃዋ ፈሷል።

አዋላጇ ከመኪናዋ ሥር ስትወጣ እስከ ክንዷ ጥቁር ነበረች። ዳማን አየቻት፤ ጎማ የላትም፣ ማርሚታ የላትም፣ አንጀቷ ግቢው ላይ ተዘርግቷል። ባልየው ታክሲ ሊጠራ ወደ መንገዱ ሮጠ። ዳገቱን ሲሰሙ ሁለት ታክሲዎች ጥለውት ሄዱ። አዋላጇ እጇን በሳሙና እየፈተገች ቦርሳዋን ስትፈልግ ከአጥሩ ማዶ የሞተር ድምፅ ተሰማ።

«ሲስተር!» አሉ ዲሬክተሩ። መኪናቸው በር ላይ ቆማለች። ያለበሷትን አንሶላ አንሥተው ግሪስ ለበዛበት ልብሷ ወንበሩ ላይ አንጥፈውላታል። «ሁሉንም ሰምቻለሁ። ግቢ!»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት መንገዶች እንቁላል እንደጫነ ሰው ነዱ። በየጉድጓዱ ፍሬን ይይዛሉ፣ በየማዕዘኑ ጥሩምባ ይነፋሉ። አዋላጇ ስልኳን ዘጋችና «ምጡ በየሦስት ደቂቃው መጥቷል» አለች። «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ እንደ ተማሪ ደውል ጠብቆ አይመጣም።»

ዲሬክተሩ በመስተዋቱ አዩዋት። ከዚያ እግራቸውን ጫኑ። ነጯ መኪና ኩሬውን ሰንጥቃ አለፈች፣ ጭቃው እስከ ጣራዋ ተረጨ፣ ሆዷ ከድንጋይ ጋር ተፋጨ። ሰውዬው መሪውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው «ያዢ! ያዢ!» እያሉ ይስቃሉ። አዋላጇም ቦርሳዋን አቅፋ መሳቅ ጀመረች።

ደረሱ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ አንዲት ሴት ልጅ ተወለደች፤ ትንሽ፣ ቀይ፣ ድምጿ ግን ከሰውነቷ የሚበልጥ። ዲሬክተሩ በር ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆይተው ለቅሶውን ሲሰሙ ኮፍያቸውን አወለቁ። አዋላጇ እናትና ልጅ ደህና መሆናቸውን እስክታረጋግጥ፣ አያትየዋም እስክትመጣ ጠበቁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተመለሱ።

ግቢው ውስጥ ሌላ ነገር ጠበቃቸው። የዕቃ መጫኛው ምንጣፍ ተነሥቷል፣ ወለሉ ላይ መዳፍ የምታህል አራት ማዕዘን መስኮት ተከፍታለች። የቆረጣት ባልየው ነው። አጠገቡ የእሳት ብልጭታ ቢነሣ ማጥፊያ የሚሆን አንድ ባልዲ ውሃ አለ። ጠርዟን በሞረድ አለስልሶ፣ ልክ የደንበኛ ማጅራት እንደሚያስተካክል፣ ቀጥ አድርጓታል።

«ማን ነው እንዲህ የቆረጠው?» አሉ ዲሬክተሩ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ቀጥለውም ለአማቷ፦ «ይቅርታ፣ ልጅዎ ነው?»

«የኔ ነው» አሉ አማቷ። ደረታቸው ትንሽ ተነፋ።

ዳዶው ግን አይታይም። ከመስኮቷ እስከሱ አንድ ክርን ይርቃል፣ ከመታጠፊያ ኋላ ነው። የባልየው እጅ አንጓው ላይ ቀረ። አዋላጇ እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን አስገባች። ዓይኗን ጨፈነች። ሃያ ዓመት ያልታየ ነገር በጣቷ ስታነብ ኖራለች፤ ማየት ለዚህ ሥራ አያስፈልጋትም።

«ምን አገኘሽ?»

«ላሜራ… ጠርዝ… ቆይ። አገኘሁት። ስድስት ጎን አለው። በአንድ ወገን የተሰበረ ብየዳ ተጣብቆበታል።»

«ጠፍጣፋ ጎኑ ወዴት ነው?»

«ወደ እኔ።»

«በርቺ! የብሎን ቁልፉን ከጣትሽ ጋር አስገቢው። እንዳይወድቅብሽ። ቀስ…»

ቁልፉ ዳዶውን ሲጎርሰው ክንዷ ድረስ ተሰማት። «ያዝኩት!» ብላ ጮኸች። አሁን ግን ከሥር ሆኖ ብሎኑን የሚያዞር የለም። ሁሉም ባልየውን አዩት። እሱም ሁሉንም አያቸው፤ መብራቱን ለዲሬክተሩ ሰጠና የፀጉር ማስተካከያ ነጭ ጋዎኑን ሳያወልቅ በጀርባው ገባ።

«በየት በኩል ነው የሚዞረው?»

«እንዴ!» አሉ እናቱ። «ከተወለድክ ጀምሮ ስነግርህ! ወደ ግራ!»

ሳበ። ምንም። እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ደግሞ ሳበ። አዋላጇ ቁልፉ እጇ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ መዳፏን አጥብቃ ያዘች፤ ላሜራው ክንዷን ይቆርጣታል፤ አልለቀቀችም። ዲሬክተሩ መብራቱን በሁለት እጃቸው እንደ ሻማ ይዘው ትንፋሻቸውን ዋጡ።

ጧ!

«ወጣ!» አለ ባልየው ከሥር። «እማዬ! ወጣ! እኔ አወጣሁት!»

አሮጌው ተሸካሚ በክሪኩ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። መሬት ሲነካ በግራ በኩል ለሁለት ተሰበረ። አራቱም ከበው አዩት። አዋላጇ በዚህ ብረት ላይ ስንት እናት ጭና እንደሄደች አሰበች። ያን ጊዜ ነው አማቷ ትከሻዋን የያዙት።

የለቀቀው ዳዶ ቦታ አዲስ፣ ወፍራም ዳዶ መበየድ ነበረበት። ባልየው «በያጅ ልጥራ?» ሲል እናቱ ቀና ብለው አዩት። «ዕቃ መጫኛው ላይ ለመቀመጥ ጉልበት አያስፈልግም» አሉ። ምርኩዛቸውን ለዲሬክተሩ ሰጥተው፣ ምራታቸው ደግፋቸው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ባልየው አሮጌ የብየዳ ማሽናቸውን ከጓዳ አወጣላቸው፤ እሳቸውም የፊታቸውን መከላከያ አወረዱ። እጃቸው ለአፍታ አየር ላይ ቆመ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እሳት አልነካም። ከዚያ ሰማያዊው ብልጭታ ግቢውን ሞላው። ሲጨርሱ መከላከያውን አነሡ፤ ፊታቸው በላብ ረጥቧል፣ ጉንጫቸው ቀልቷል።

«ነይ፣ በጣትሽ እይልኝ» አሏት።

አዋላጇ ዳሰሰችው። ለስላሳ፣ ዙሪያውን የተዘጋ፣ እንከን የለሽ። «እማማ፣» አለች፣ «እኔ ቆዳ እንዲህ መስፋት ብችል ኖሮ!» ሴትዮዋ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ።

እሁድ ዲፈረንሻሉና የእግሮቹ ክንዶች ወደ አዲሱ ተሸካሚ ተዛወሩ፣ በክንዶቹ መጋጠሚያ ያሉት ያረጁ የላስቲክ ማቀፊያዎች በአዲስ ተተኩ። ቀጥሎ የማንሣቱ ሥራ መጣ። ሁለት ክሪክ፣ ባልየው በቀኝ፣ ዲሬክተሩ በግራ፣ አዋላጇ ከሥር፣ አማቷ መሃል ላይ ቆመው በምርኩዛቸው እየመቱ ያዛሉ። «ግራ! ሁለት ጊዜ! ቀኝ፣ አንድ! ግራ ቁም ብያለሁ፣ ዲሬክተር!» ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌላውን ሲያዙ የኖሩት ሰውዬ «እሺ፣ እሺ» እያሉ ይታዘዛሉ።

አዋላጇ የመጀመሪያውን ብሎን በጣቷ አስገባች። ሁለተኛውን አስገባች። ሦስተኛው ፀጉር ታህል ሳተ፤ ቁልፍ ልታመጣ ስትል አማቷ ከለከሏት። «በጣት ያልገባ ብሎን በቁልፍ አይገባም፣ ይበላሻል እንጂ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንድ ጊዜ አውርዱትና እንደገና።» አወረዱት። እንደገና አነሡት። ሦስተኛው ገባ። አራተኛው፣ አማቷ የበየዱት፣ እንደ ቅቤ ገባ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሮጠ። ዘንጉ በነጩ መስመር ተጋጠመ፣ ታንኩ ተመለሰ፣ መስኮቷ በላሜራ ተዘጋች፣ ባልየው ከፍሬኑ ቱቦ አየር እንዲወጣ ፔዳሉን «ያዝ፣ ልቀቅ» ሲባል ከመቶ ጊዜ በላይ ረገጠ። ጎማዎቹ ገብተው ዳማ በእግሮቿ ስትቆም ነው አማቷ የክንዶቹን ብሎኖች የመጨረሻ ማጥበቅ የፈቀዱት። «ክብደቷን በእግሯ ስትሸከም ነው የሚጠብቀው» አሉ። «ተንጠልጥላ ካጠበቅሽው የክንዱ ላስቲክ ማቀፊያ ተጠማዞ ይቀራል።»

ሞተሩ ተነሣ። አዋላጇ ከግቢው አውጥታ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄደች፣ ፍሬን ያዘች፣ ዞረች፣ ተመለሰች። ምንም አልተንኳኳ፣ ምንም አላፈሰሰ። ባልየው ከሱቁ በር ላይ ሆኖ አጨበጨበ፤ ፊቱ ላይ ሳሙና የተቀባ ደንበኛውም ወጥቶ አጨበጨበ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መርማሪው ከጉድጓዱ ሲወጣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብዙ ቆየ። «የትኛው ጋራዥ ነው የሠራው?»

«የቤታችን ግቢ» አለች አዋላጇ።

«የውስጡን ዳዶ የበየደውስ?»

አዋላጇ ወደ ጎን ዞር አለች። አማቷ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጣራ ጣራውን ያያሉ። መርማሪው ነገሩ ገባው። ማኅተሙን በወረቀቱ ላይ አሳረፈና ወረቀቱን ለአዋላጇ ሳይሆን ለእሳቸው ዘረጋላቸው። እሳቸውም ተቀብለው፣ አንብበው፣ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ከጣቢያው እንደወጡ አዋላጇ ስድስት እናቶች እንደሚጠብቋት ነገረቻቸው፣ መጀመሪያ ቤት ታድርሳቸው እንደሆነም ጠየቀቻቸው።

«ቤት ምን አለኝ?» አሉ። የኋላውን በር ከፍተው ገቡና ልክ ከተሸካሚው በላይ ተቀመጡ፤ ድምፁን ሊሰሙ። ዳማ የመጀመሪያውን ዳገት ተያያዘችው። ድንጋዩ ከሥሯ ይንኮሻኮሻል፣ አቧራው ከኋላዋ ይነሣል። አማቷ ግን ወሬ ጀምረዋል፤ ስለ መጀመሪያዋ አውቶቡሳቸው፣ ብሎን ሰብረው ስላለቀሱበት ቀን፣ ስለ ልጃቸው አስቸጋሪ አወላለድ፤ አዋላጇ ይህን እስከዛሬ ሰምታው አታውቅም፣ እየነዳች በየመሃሉ ትጠይቃለች፣ እሳቸውም ይመልሳሉ። ዳገቱ እየከረረ ሲሄድ ወሬያቸውን አቋርጠው ወደ ፊት ጎንበስ አሉና ወንበሯን መታ መታ አደረጉት።

«ጨምሪ እንጂ፣ ልጄ! ምን ትፈሪያለሽ? ጨምሪ!»